ስብራት ላይ የቆመች ጥርስ

አባቴ ባሕታዊ ሆነ ብዬ አገር ያሳመንኩት በስምንት ዓመቴ ነው። አንድም ውሸት አልተናገርኩም። የነገሩኝን ደገምኩ፣ ያየሁትን ጨመርኩበት፤ አፌም ሥራ ፈትቶ አያውቅም። እናቴ «ይቺ ልጅ ስትወለድ ቀድሞ የወጣው ምላሷ ነው» ትለኝ ነበር፤ ሐሰት ነው ብዬ አልከራከርም።

ዛሬ ደብረ ብርሃን ላይ ጥርስና መንጋጋ ማከም ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። በቅሎ የረገጠችው ይመጣል፣ ከጭነት መኪና የወደቀ ይመጣል፣ ሠርግ ቤት በዱላ የተመታም አይጠፋም። አብረውኝ የሚሠሩ ወጣቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ አጥንቱ የተሰነጠቀበት መስመር ላይ የቆመች ጥርስ ትነቀል ወይስ ትቆይ? መልሱን መጽሐፍ ሳልገልጥ እነግራቸዋለሁ። ይህ ሙግት በሁለት ባለሙያዎች መካከል፣ ያውም በአባቴ አፍ ላይ ሲካሄድ የሰማሁት የወተት ጥርሴ ረግፎ ሳያልቅ ነው።

ዘመኑ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ ሁዳዴ የገባበት ሰሞን ነበር። ቤታችን ከሞላሌ የግማሽ ቀን መንገድ የምትርቅ፣ ገደል አፋፍ ላይ ያለች ደብር ጥግ ነው። አባቴ መሪጌታ ገብረ ክርስቶስ የዜማ መምህር ነበር። «መሪጌታ ሲያዜሙ የማዶው ውሻ እንኳ መጮህ ይተዋል» ይባልለታል። የምንበላው ገብስ፣ በዙሪያው የሚያድሩት ደቀ መዛሙርት፣ ሰው ሲያየው ከመቀመጫው የሚነሣለት ክብር፣ ሁሉም ከዚያ ድምፅ የመጣ ነው።

እኔ አክስቴ ወልዳ ሕፃን ልታቀፍላት ሄጄ ቆይቼ፣ የጾሙ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተመለስኩ። አባቴ መደቡ ላይ በርኖሱን ተከናንቦ ተቀምጧል። ከአገጩ ሥር እስከ አናቱ በነጭ ጨርቅ ታስሯል፤ ግራ ጉንጩ አብጦ አንድ ዓይኑን ሊዘጋው ደርሷል። «አባዬ» ብዬ ስሮጥ እጁን ዘረጋልኝና ከንፈሩ ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ብረት አየሁ። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ጋር፣ አንዱ ካንዱ እየተጠመዘዘ፣ በቀጭን ሽቦ ታስሯል።

እናቴ ጥሩሸዋ ፊቴን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ራሷ አዞረችው።

«አመቴ፣ ስሚኝ። አባትሽ ሱባኤ ይዘዋል። አርምሞ ነው። እስከ ሆሳዕና ድረስ ቃል አይወጣቸውም።»

«ሽቦውስ?»

«አፍ ክፉ ነው ልጄ። ታስሮ ነው የሚያርፍ።»

«ዳኜስ የት ሄደ?»

«ወንድምሽ ግሼ ሄዷል፣ ራቤል፣ ቅኔ ሊማር። የጠየቀሽ ቢኖር ይህንኑ ንገሪ።»

ለእኔ ይህ ሁሉ ፀሐይ የሞቀው ነገር ነበር። ባለፈው ዓመት ለንግሥ የመጡ አንድ ባሕታዊ ከቀሚሳቸው ሥር ወገባቸውን በሰንሰለት ታጥቀው አይቻለሁ። ወገቡን በሰንሰለት ያሰረ ካለ አፉን በሽቦ ያሰረ ቢኖር ምን ይደንቃል? የሚደንቀው የእኔ አባት መሆኑ ብቻ ነው። ምሰሶው ላይ በሚስማር የተሰቀለች ፒንሳ አየሁና እሷም ገባችኝ፤ ሱባኤው ሲያልቅ የሚከፈትባት ቁልፍ ናት። እናቴ «እንዳትነኪያት፣ ያስመለሳቸው እንደሆነ ሽቦውን ለመቁረጥ ብቻ ናት» ብላኝ ነበር፤ ይህን ግን ብዙም አልሰማሁትም።

እውነቱን እናቴ የነገረችኝ ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ከገበሬ ማኅበራችን ስምንት ወጣት ተጠይቆ የወንድሜ የዳኜ ስም ሦስተኛው ላይ ተጽፎ ነበር። የጾሙ መግቢያ ሰኞ ማለዳ ሊወስዱት የመጡ ታጣቂዎች አባቴን መቋሚያውን አግድሞ በሩ ላይ ቆሞ አገኙት። ዳኜ በጓሮ ዘሎ ወደ ገደሉ ሲወርድ አንዱ ታጣቂ በጠመንጃው ሰደፍ አባቴን መንጋጋው ላይ መታው። ወንድሜ የሄደው ግሼ አልነበረም። ቆላውን ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ መርሐቤቴ ዓለም ከተማ የእናቴ አጎት ቤት ገብቷል። ያን የሚያውቁ በመንደራችን አባቴና እናቴ ብቻ ነበሩ።

«ታዲያ ለምን ዋሸሽኝ?» አልኳት ያን ጊዜ።

«ላንቺ እውነት ነግሮ ዝም በይ ከማለት፣ ውሸት ነግሮ እንዳሻሽ አውሪ ማለት ይቀላል» አለችኝ። ልጇን ታውቃለች።

እኔም አወራሁ። በማግሥቱ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የነገርኳቸው የመጀመሪያዋ ሰው እማሆይ ኮከቤ ነበሩ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ጎጆ ቀልሰው የሚኖሩ አሮጊት መነኩሴ ናቸው። «አባዬ አርምሞ ያዘ። አፉን በብረት አሰረ» አልኳቸው። እማሆይ አማተቡና መቋሚያቸውን ይዘው እቤት ድረስ መጡ። አባቴ ከንፈሩን ገልጦ እንዲያሳያቸው ለመንኩት፤ እናቴ አባቴን አየችው፣ እሱም አያት፣ ከዚያ ገለጠ። እማሆይ መሬት ሳሙ።

ከዚያ ወዲያማ ማን ያቆመው። ሰኞ ማክሰኞ የማዶ መንደር ሴቶች ጧፍ ይዘው መጡ። ረቡዕ አንድ ሽማግሌ የታመመ ልጃቸውን አዝለው መጥተው አባቴ እጁን እንዲጭንበት ለመኑ። ጫነበት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ገቢ ወጪውን አስተናግዳለሁ፤ «ጫማ አውልቁ፣ አትጩኹበት፣ አይመልስላችሁም» እያልኩ። አንድ ቀን ይህን ስናገር ዞር ብዬ ሳየው የአባቴ ትከሻ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኑም እንባ አቅርሯል። ስለ ዓለም ኃጢአት እያለቀሰ ነው ብዬ ለእማሆይ ነገርኳቸው። መንጋጋው የተሰበረ ሰው ሲስቅ እንዴት እንደሚያመው ያወቅሁት ሐኪም ከሆንኩ በኋላ ነው።

ከእውነቱ ከፊሉን የሚያውቁ ጎረቤቶችም ነበሩ። ታጣቂው ሲመታው ያዩ አሉ፤ ደም የጠረጉ አሉ። ግን አንዳቸውም ያቺን ልጅ ዝም በይ አላሏትም። ልጃቸው የስሙ ዝርዝር ውስጥ የነበረ ሁሉ ጧፍ ይዞ መጥቶ ከሌላው ጋር ተሰለፈ።

አባቴም ማስተማሩን አላቋረጠም። ደቀ መዛሙርቱ ዙሪያውን ቆመው ያዜማሉ፤ እሱ መቋሚያውን ይዞ ያዳምጣል። ዜማው ከሄደላቸው አንድ ጊዜ መሬቱን ይመታል፣ ከሳቱ ሁለት ጊዜ። አንድ ዝማሬ ሙሉ እንዲህ በመቋሚያ ታርሞ ሲያልቅ አይቻለሁ። ምግቡም በገብስ አገዳ ነበር፤ ቀጠን ያለ በሶና የተልባ ውሃ በአገዳው እየሳበ ይጠጣል። ወተትና እንቁላል ታዞለት ነበር፤ ጾሙን ግን አልፈታም። ዛሬ በሽተኛዬ እንዲህ ቢያደርግ እቆጣዋለሁ። በርኖሱ ውስጥ ሰውየው በየቀኑ ሲያንስ ይታየኝ ነበር፤ ባሕታዊ ይከሳል ብዬ ግን ደስ ብሎኝ ነው ያየሁት።

በሁለተኛው ሳምንት የሞላሌ ገበያ ቀን አባቴን በበቅሎ አስቀምጠን ከእናቴ ጋር ወደ ድሬሰር መርስዔ ኃዘን ሄድን። ድሬሰር መርስዔ ኃዘን የጦር ሠራዊት አስታማሚ ሆነው ብዙ ዘመን ያገለገሉ፣ በጥይት የተመታ መንጋጋ ሲታሰር እያዩና እያሰሩ የተማሩ ሰው ናቸው። ሽቦውን ያሰሩት እሳቸው ነበሩ። በመዝገባቸው ላይ «በቅሎ ረግጣው» ብለው እንደጻፉ በኋላ ሰማሁ፤ ሳይጠየቁ የጻፉት ነው።

«መሪጌታ፣ እንዴት ሰነበቱ? ሕመሙስ?» አሉና ጆሯቸውን ወደ አባቴ አፍ አስጠጉ። አባቴ አንገቱን ነቀነቀ።

«ይናገሩ እንጂ» አሉ።

«አይናገርም። አርምሞ ላይ ነው» አልኩ እኔ።

ድሬሰሩ እኔን አዩኝ። ከዚያ አባቴን ረዘም ላለ ጊዜ አዩት። አባቴም ዓይኑን ከዓይናቸው አላነሣም። «አሃ» አሉ ቀስ ብለው። «እንግዲያው አላስቸግራቸውም።» ከዚያ ወዲህ ሁሉንም ነገር በእኛ በኩል ጠየቁ። ለቅድስናው የተንበረከኩ መስሎኝ ኮራሁ።

እናቴ ነጠላዋን እያፍተለተለች ነገሩን አነሣች። «ያቺን ጥርስ ነው የፈራሁ። አባይነህ ካልተነቀለች አጥንቱ አይገጥምም፣ ትመርዘዋለች እያለ ያስወራል።»

አባይነህ የገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ነው። የስሙን ዝርዝር የጻፈውም እሱ ነው። ከሹመቱ በፊት ግን አገር ያወቀው ወጌሻ ነበር፤ የወለቀ ትከሻ የሚመልስ፣ የታመመ ጥርስ በጉጠት የሚነቅል። እንዲህ ያለ ሰው ሲናገር ሊቀመንበሩ ይሁን ወጌሻው የተናገረው መለየት ያስቸግራል።

ድሬሰር መርስዔ ኃዘን አልተቆጡም። አባቴን ጉንጩን ሳብ አድርገው ለእናቴ አሳዩዋት፤ እኔም በጣቶቼ ቆሜ አየሁ። ከኋላ ሁለተኛዋ የታችኛው መንጋጋ ጥርስ ናት፤ ድዱ ከሥሯ በኩል ተሰንጥቆ ጠቁሯል።

«አጥር ተሰበረ እንበል» አሉ። «ስብራቱ ላይ አንድ ችካል ቆሟል። ችካሉ ከተሰበረ ወይ ከበሰበሰ ይነቀላል፣ ሌላ ወሬ የለውም። ደኅና ከሆነ ግን አጥሩን የያዘው እሱ ነው፣ ምን ብለሽ ትነቅይዋለሽ? ይቺ ጥርስ ሥሯ አልተሰነጠቀም። የኋለኛውን ስባሪ የማኘኪያው ሥጋ ወደ ላይ ይስበዋል፤ እሷ ከላይኛዋ ጋር ገጥማ ረግጣ ይዛዋለች። ዛሬ ብነቅላት ስባሪው ይነሣል፤ መንጋጋው ጠምሞ ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ዜማ የለም።»

«መግል የያዘች እንደሆነስ?»

«ያን ቀን እኔው ራሴ እነቅላታለሁ። መግል ያዘለች ጥርስ አጥንት ታበላሻለች፤ በዚህ በዚህ አባይነህ አልተሳሳተም። እስከዚያው መርፌውን እወጋለሁ፣ እናንተ ታጥባላችሁ።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ፣ ዓይንሽ ደኅና ነው?»

«ደኅና ነው ጌታዬ።»

መርፌው የተነቀለለት ስሪንጅ ሰጡኝ። ለብ ባለ ውሃ ጨው በጥብጬ ጧት፣ ቀትርና ማታ በጥርሷ ዙሪያ እንድረጭ አስተማሩኝ። ከረጨሁ በኋላ ድዱን በጣቴ ጫን አድርጌ እንዳይ ነገሩኝ፤ ነጭ ምራቅ ከወጣ ደኅና ነው፣ ቢጫ ከወጣ ወደ ሞላሌ መሮጥ ነው። በሕይወቴ የተሰጠኝ የመጀመሪያው ሹመት ይህ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ ወረቀት ተቀብያለሁ፤ እንደዚያ የተኩራራሁበት ግን የለም።

እንግዲህ ድሬሰሩ የራጅ መሣሪያ አልነበራቸውም። እኔ ዛሬ ፎቶ አስነሥቼ የማየውን ሥር እሳቸው በጣታቸው ጫፍ ነው ያዩት። ልክ ነበሩ።

ሹመቴን በሚገባ ሠራሁት። ውሃው ሲለበልብ አባቴ ቅንድቡን ይሰቅላል፤ እኔ አበርድለታለሁ። ጨው የማታበዛ ባሕታዊ አጣቢ መሆን አልፈለግሁም፤ በረከቱ እንዲበዛ እፍኝ ሙሉ እጨምር ነበር። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድም ቀን ቢጫ አላየሁም።

አባይነህ የመጣው በአራተኛው ሳምንት እሑድ፣ ሰው ሁሉ ከቅዳሴ ወጥቶ ደጃችን ሞልቶ ሳለ ነው። ሁለት ታጣቂዎች ከኋላው አሉ። አንደኛው ጭራሽ ቀና ብሎ አባቴን ማየት አቃተው፤ ከገባ እስከወጣ መሬት መሬት ያያል። ምን ዓይነት ትሑት ክርስቲያን ነው ብዬ ወደድኩት። መንጋጋውን የሰበረው እሱ ነበር።

«እንደምን ዋላችሁ» አለ አባይነህ። «መሪጌታ፣ ግሼ ሰው ልኬ ነበር። ራቤል ያለ የቅኔ ጉባኤ በሙሉ ተጠየቀ። ዳኜ የሚባል ተማሪ አላየንም ብለዋል።»

«መንገድ ላይ ሌላ መምህር አግኝቶ ይሆናላ» አለች እናቴ።

«እህት ጥሩሸዋ፣ እሳቸውን ነው የጠየቅሁ። መሪጌታ፣ ልጅዎ የት ነው?»

«አይናገርም» አልኩ። «አርምሞ ላይ ነው። እንኳን ለእርስዎ ለእናቴም አይናገር።»

ከኋላዬ ያሉት ሴቶች አጉተመተሙ። እማሆይ ኮከቤ ወደ ፊት ወጡ። «አንተ ልጅ፣ ሱባኤ የያዘን ሰው ያስፈታ ምን እንደሚሆን ታውቃለህ።»

«እማሆይ፣ እኔስ ክርስቲያን አይደለሁ?» አለ አባይነህ፤ ወዲያው ታጣቂዎቹ ሰምተውት እንደሆነ ዞር ብሎ አየ። ከደረት ኪሱ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣ። «እሺ፣ መናገሩ ይቅር። ይጻፉ።»

አባቴ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ በዚያ በሚያምር የቁም ጽሕፈቱ ረዘም አድርጎ ጻፈ። እናቴ ፊቷ አመድ ለበሰ። አባይነህ መሠረተ ትምህርት የጨረሰ ሰው ነው፤ ፊደሉን በጣቱ እየተከተለ ጮክ ብሎ አነበበ። «ለወንድሜ ለአባይነህ ቤት፣ ለልጆቹና ለከብቶቹ፣ ሰላምና ጤና ይሁን። ገብሱን ውርጭ አይንካው።»

«አሜን» አለ ደጃፉ ሁሉ።

አባይነህ ወረቀቱን መቅደድ አልቻለም። አጥፎ ኪሱ ከተተው። ላቡን ጠረገና፣ ከወገቡ ጉጠቱን አወጣ። «እንግዲህ ነገሩ ሌላ ነው» አለ። «እናንተ አታውቁም፣ እኔ ግን ወጌሻ ነኝ። የእኒህ ሰው መንጋጋ ስብራቱ ላይ ጥርስ አለች። እዚያ የቆመች ጥርስ ሳትበሰብስ አትቀርም፤ ከቆየች አጥንቱን ትበላዋለች። ሽቦውን በጥሼ እነቅላታለሁ። አፋቸውም ተከፈተ ማለት ነው፣ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።» ፒንሳውን ከምሰሶው አወረደ።

እናቴ በመካከላቸው ቆመች። አንደኛው ታጣቂ ክንዷን ያዛት። አባቴ መቋሚያውን ጉልበቱ ላይ እንዳጋደመ አልተንቀሳቀሰም፤ ዓይኑ ግን እኔን ያያል። እኔ ሰይጣን ባሕታዊ ሊፈትን እንደመጣ ነበር የገባኝ። ሰይጣን ደግሞ በክርክር ይረታል ብለው እማሆይ ነግረውኛል።

«ስለ በሰበሰች ነው የሚነቅሏት?» አልኩት።

«አዎን።»

«ካልበሰበሰችስ?»

«ሳትበሰብስ አትቀርም ስልሽ።»

«እንግዲያው ይጫኗት። ቢጫ ከወጣ ይንቀሉ። ነጭ ከወጣ ይተዉት። ድሬሰሩ እንዲህ ነው ያሉት።»

አባይነህ ሳቀ። «ይቺን ማን ነው ሊቀመንበር ያደረጋት?» ሰዉም ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም የአባይነህን እጅ ያይ ጀመር። ባለሙያ ሰው ሕዝብ ፊት ሲፈተን ወደ ኋላ ማለት አይችልም። «እሺ» አለ። «ሕዝብ ይፍረድ።»

ፒንሳውንም ጉጠቱንም መደቡ ላይ አስቀመጠ። እጁን በጨው ውሃዬ ታጠበ። ከዚያ የአባቴን ጉንጭ ሳብ አድርጎ አውራ ጣቱን በውስጥ፣ ሌሎቹን ጣቶቹን ከአገጩ ሥር አድርጎ፣ ከኋላ ወደ ፊት ጫነ። የአባቴ ዓይን እንባ ሞላ፤ አካሉ ግን አልተነቃነቀም። ነጭ ምራቅ ወጣ። አባይነህ ደግሞ ጫነ፣ ጠንከር አድርጎ። ነጭ። ጣቱን አሸተተ። ጥርሷን በጣቱ ጫፍ እየገፋ ሊያወዛውዝ ሞከረ፣ እዚያው ላይ እጁ ቆመ።

«ጸንታለች» አለ፤ ለማንም አልነበረም የተናገረው። አጥንቱን ከውጭ በጣቱ ተከተለው። «ይዟል። አጥንቱም ይዟል።» ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ አየ። ጠባዩ ሁሉ ተለውጦ ነበር። «ማን ነው ያሰረው?»

«ድሬሰር መርስዔ ኃዘን» አለች እናቴ። ታጣቂው ክንዷን ለቋት ነበር።

አባይነህ ፒንሳዋን አንሥቶ ወደ ሚስማሯ መለሳት። ጉጠቱንም ወገቡ ላይ ሻጠ። «የጸና ጥርስ ነቅዬ አላውቅም» አለና ወጣ፤ ታጣቂዎቹም ተከተሉት። ከዚያ በኋላ ዳኜን ፍለጋ ሁለተኛ ደጃችን አልመጣም።

እማሆይ እልል አሉ። እኔም ተአምር ነው ብዬ አመንኩ፤ ለዓመታት አምኜ ኖርኩ። ዛሬ ቢጠይቁኝ የፔኒሲሊን መርፌ ነው እላለሁ፣ የጨው ውሃ ነው፣ ያልተሰነጠቀ ሥር ነው። ደግሞ ለአንዲት ሰዓት ሙያው ሹመቱን የበለጠበት ሰው ነው። አባይነህን ይቅር አላልኩትም፤ ከጻፋቸው ስምንት ልጆች አራቱ አልተመለሱም። ስለ እጁ ግን እመሰክራለሁ። ቢዋሽ ኖሮ ማን ያውቅበት ነበር?

የሆሳዕና ዋዜማ ሞላሌ ሄድን። ከሰፈር ሃያ የሚሆን ሰው በእግር ተከተለን፤ ባሕታዊው ከአርባ አምስት ቀን በኋላ ምን እንደሚናገር ለመስማት ነው። ድሬሰር መርስዔ ኃዘን ሽቦውን እየቆረጡ ጣሳ ውስጥ ይጥላሉ፤ ቅጭል ቅጭል ይላል። ጥርሷን በጣታቸው መታ መታ አደረጓትና «ትቆያለች» አሉ። አባቴ አፉን ቀስ ብሎ ከፈተ፤ ከጣት ውፍረት አላለፈም። እኔ ስለ ሰማይ፣ ስለ ዘመን ፍጻሜ፣ ቢያንስ ስለ ዝናብ ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ።

ወደ እኔ ዞረ። «ጨው አበዛሽ» አለኝ።

አርባ አምስት ቀን ጠብቄ ይህን? እማሆይ ኮከቤ ግን ቃሉን ተቀብለው ሄዱ፤ ለአንድ ወር ሙሉ ጨው ምን ማለት እንደሆነ ለየመጣው ሰው ሲተረጉሙ ሰነበቱ። በሆሳዕና ዕለት አባቴ ቅኔ ማሕሌት ቆመ። ድምፁ መጀመሪያ ዝግ ብሎ፣ እንደ መፍራት ብሎ ወጣ፤ በሦስተኛው ዜማ ላይ ግን ከጣሪያው አለፈ። ያን ቀን አለቀስኩ፤ ለምን እንደሆነ አላወቅሁም።

ዳኜ ሥርዓቱ ሲወድቅ ከሚስቱ ጋር ተመለሰ። አባይነህም ወደ ወጌሻነቱ ተመለሰ። እኔ ተማርኩ፣ ጥርስ ሐኪም ለመሆን አዲስ አበባ ገባሁ፤ ታሪኩም እንዲህ ተሠርቶ የተዘጋ መሰለኝ። ባሕታዊ አልነበረም፣ የተመታ ሰው ነበር። አርምሞ አልነበረም፣ ሽቦ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት የሆስፒታል ልምምድ ላይ አንድ ማለዳ መንጋጋው የታሰረ አንድ የመኪና ረዳት አልጋ አጠገብ ደረስኩ። ትናንት ነው የታሰረው፤ እንደ አባቴ፣ ላይና ታች፣ በሽቦ። ካርዱን ሳነብ «እህቴ፣ እባክሽ ውሃ አቀብዪኝ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቃሉ ጥርስ ለጥርስ ተፋጭቶ የወጣ ነው፤ ግን እያንዳንዱ ይሰማል። ዞር ዞር አልኩ። እሱ ነው የተናገረው።

«ትናገራለህ?» አልኩት።

አስተማሪያችን ከኋላዬ ሳቁ። «ምን ነካሽ አመተሥላሴ? የታሰረው ጥርሱ ነው፤ ምላሱና ከንፈሩ ማን ነክቷቸው? ሲለምደውማ ይጨቃጨቃል።»

ውሃውን አቀበልኩትና ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ድሬሰር መርስዔ ኃዘን ጆሯቸውን ወደ አባቴ አፍ ማስጠጋታቸው ትዝ አለኝ። «አሃ» ማለታቸው ትዝ አለኝ። አንድ ቃል ብትወጣው አባይነህ ጉጠትም ፒንሳም ባላስፈለገው ነበር፤ እስኪናገር ድረስ መደብደብ ይበቃው ነበር። ይህን ማሰብ ይቻላል። ግን በሩ ተዘግቶ፣ እናቴ ብቻዋን አጠገቡ ተቀምጣ ስታለቅስስ? ሕመሙ ሲብስበትስ? የልጁን ስም ለመጥራት ሲፈልግስ?

ለፋሲካ አገር ቤት ገባሁ። አባቴ ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ የመቋሚያውን እጀታ በዘይት ያሻል፤ እናቴ አጠገቡ ምስር ትለቅማለች።

«አባዬ» አልኩት። «ያን ጊዜ መናገር ትችል ነበር።»

እናቴ ከሰፌዱ ቀና አለች። «ምን?»

«ይችል ነበር። ሽቦ አያግድም።»

«አርባ አምስት ቀን ሙሉ በጣት ሲያዙኝ?» አለች እናቴ። ምስሩ ከእጇ ተበተነ። «መሪጌታ፣ ይችሉ ነበር?»

አባቴ መቋሚያውን አስቀመጠ። አፉን ከፍቶ ሲስቅ ያቺ ከኋላ ሁለተኛዋ ጥርስ ታየችኝ፤ ትንሽ ደብዘዝ ብላለች እንጂ በቦታዋ ናት።

«የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሕመሙ ነው ዝም ያሰኘኝ» አለ። «ቅዳሜ ዕለት ልናገር አፌን ሳዘጋጅ አንቺ ከአክስትሽ ቤት መጣሽ፤ እናትሽም አርምሞ ነው አለችሽ። ይሁን፣ ለልጅ ማታለያ ነው ብዬ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስነሣ ደጁ ላይ ሃምሳ ሰው ተንበርክኳል። ማን ነገራችሁ ሲባሉ፣ ልጃቸው አሉ።»

እጄን ሳብ አድርጎ በእጁ መካከል ያዘው።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልጄን ውሸታም ላድርጋት?»